ያልተጻፈው ጉድጓድ

ሙሂዲን፣ መካ ኩዳይ ሰፈር ውስጥ የሐጃጅ አውቶቡስ ከሚያጥብበት ግቢ ወደ ጅዳ የመጣው የስደት ጓደኛው ዘከሪያ በስልክ «ኢቃማህ ተገኘ!» ስላለው ነበር። አራት ዓመት ያለ መኖሪያ ወረቀት ተደብቆ የኖረ ሰው ይህን ሰምቶ አይቀመጥም። ዘከሪያ ደግሞ የሚጠረጠር አልነበረም፤ የመን በረሃ ላይ ሙሂዲን ሲታመም በጀርባው አዝሎታል።

ዘከሪያ ከጅዳው ሸረፊያ ሰፈር በመኪና ተቀብሎ፣ ከከተማው ውጪ ወዳለው የራሱ አሠሪ የመዝናኛ ግቢ ወሰደው።

«የጫካው ዶክተር፣ በሽተኛህ ይኸውልህ!» ብሎ ሳቀ።

በሽቦ ቤት ውስጥ፣ ከማቀዝቀዣው ሥር፣ የቀይ ቀበሮ ቡችላ ተጋድሟል።

ሙሂዲን ወደ ሽቦው ተጠጋ። ከመሰደዱ በፊት ወሎ ውስጥ፣ መኪና በማይደርስበት ተራራ የዱር እንስሳት ጠባቂ ነበር። በአባቱ ዘመን ቀይ ቀበሮ በከብቱ መሃል እየተሽሎከለከ ፍልፈል ሲያድን ማንም ዞር ብሎ አያየውም ነበር። ኋላ የገብሱ እርሻ ሽቅብ ወጣ፤ ውሻው ገበሬውን ተከተለ፤ የእብድ ውሻ በሽታም ውሻውን። በሙሂዲን ጊዜ የቀረው አንድ መንጋ ነው። ጠባቂዎቹ ሕግ ነበራቸው፦ ቁጥራቸው ይጻፋል፤ የሚወልዱበት ጉድጓድ ግን አይጻፍም፣ ለማንም አይነገርም።

«ከየት አመጣችሁት?»

«ካስቀመጥክበት ነዋ!»

ያኔ ትዝ አለው። አንድ ረመዳን፣ አገሩ ቢናፍቀው፣ በተምር ካርቶን ላይ ተራራውን ስሎለት ነበር፤ ገደሉን፣ ጅባራውን፣ ጉድጓዱን። ዘከሪያ ካርቶኑን ለማስታወሻ ብሎ ሲወስድ ደስ ብሎት ነበር።

«ወላሂ አትቆጣ። በጀልባ ነው የመጣው፣ እንደኛው» አለ ዘከሪያ። «ችግሩ አይበላም። ካበላኸው ኻላስ፣ አለቀ፤ ከፊሌ፣ አሠሪዬ፣ ኢቃማ ያወጣልሃል። እናቱንና ወንድሞቹንም ያስመጣል፤ ይሄን የያዙት ሰዎች ተራራው ላይ ትእዛዙን እየጠበቁ ነው።»

ሙሂዲን ቡችላውን አየው። ዓይኑ ጥሩ ነው፤ የራበው ብቻ ነው። አንድ የግቢ አይጥ ቢጥሉለት ይነሳል።

የግቢው ባለቤት ረጅም ነጭ ቀሚሱን፣ ቶቡን፣ ሰብሰብ አድርጎ መጣ። «ሃ፣ ይበላል?» አለ በዐረብኛ። ዘከሪያ ሙሂዲንን በክርኑ ነካው።

«የእብድ ውሻ በሽታ ነው» አለ ሙሂዲን። «መንጋው በሙሉ አለበት። ከነከሰ ሰው ይገድላል።»

«ይዋሻል!» ብሎ ጮኸ ዘከሪያ።

«አንተ ምን ታውቃለህ? ባለሙያ ነው ያልከኝ አንተ አይደለህም?» ሰውየው እያፈገፈገ ስልኩን አወጣና ሌላ እንዳያመጡ አዘዘ። ቀጥሎ ጠመንጃ አስመጣ።

ዘከሪያ የሙሂዲንን እጅጌ ያዘ። «ጤነኛ መሆኑን እያየህ! ኢቃማህን በእጅህ ቀደድከው። ለቡችላውስ አታዝንም?»

ሙሂዲን እጁን አስለቅቆ በበሩ ወጣ። መንገዱ ዳር ቆሞ አገር ቤት ደወለ። ጋሽ አስረስ፣ የጠባቂዎቹ አለቃ፣ ድምፁን ለይተው በደስታ ሰላም ሊሉት ሲጀምሩ ከግቢው ተኩስ ተሰማ።

«ጋሼ፣ ሰዎች ተራራው ላይ አሉ፤ ቶሎ ድረሱባቸው። ጉድጓዱን የነገርኩት እኔ ነኝ።»

ጋሽ አስረስ ሰዎቻቸውን ሲጠሩ ተሰማው፤ ከዚያ ወደ ስልኩ ተመለሱ።

«ለማን ነው የነገርከው?»

«ለጓደኛዬ» ሊል ጀምሮ ተወው።

«ለአንድ ሰው» አለ።