ምስሉ ያልመጣለት ስም

«እማዬ፣ ባይስተካከል ደስ ይልሻል አይደል?»

ልጄ ይህን ስትጠይቀኝ ፊቷን ከኮምፒውተሩ አላነሳችም። እኔም ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ዚፑን ስከፍትና ስዘጋ ቆየሁ።

የምንሠራው አንድ ሆስፒታል ነው፤ እኔ ልብስ ማጠቢያ፣ እሷ ኮምፒውተር ክፍል። ሆስፒታሉ ሌላ ከተማ ቅርንጫፍ ሊከፍት ስለሆነ፣ እዚህ የሚመዘገበው የሕሙማን መረጃ ሁሉ እዚያ ባለው ኮምፒውተር ላይም እንዲገለበጥ ታዘዘ። ሥራው ለልጄ ተሰጣት። ከተሳካላት የቅርንጫፉ ኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ሆና ወደዚያ ትሄዳለች። እስከ ቅዳሜ ካልደረሰላት ግን ሥራውንም ኃላፊነቱንም ሌላ ድርጅት ይወስደዋል።

ሐሙስ ዕለት «አለቀ!» ብላኝ ነበር። እዚህ ያለው የመዝገብ ብዛትና እዚያ ያለው እኩል መጥቷል። ሽቦ ከደስታው ብዛት ወንበሩ ላይ ተሽከረከረ። ሽቦ የምንለው ገመድ የሚዘረጋውን የሥራ ባልደረባዋን ነው፤ ቅጥነቱም ለስሙ ያግዘዋል። እኔ ዓምና ሳል ጠንቶብኝ ደረቴን ራጅ ተነስቼ ነበርና፣ «እስቲ የኔን እዚያ እንዴት እንደሚታይ አሳዪኝ» አልኳት። ስጋት አይለቀኝም። የዚያ ከተማ ሐኪም ሳንባዬን አጥርቶ ማየቱን ማረጋገጥ ፈለግሁ።

ከፈተችልኝ። የጎልማሶች ትምህርት ከጀመርኩ ወዲህ ስሜን በደብተር እንጂ በኮምፒውተር አንብቤ አላውቅም። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ለቀምኳቸው፤ የኔው ስም። ዕድሜዬም አለ። ከሥሩ ግን ባዶ ነጭ ሳጥን።

«ደረቴስ?» አልኳት።

«እትዬ፣ ደረትዎ ትራንስፖርት አጥቶ ይሆናል» አለ ሽቦ።

ልጄ አልሳቀችም። የሌላ ሰው ከፈተች፤ ባዶ። የሌላም ከፈተች፤ ባዶ። ፊቷ ጠቆረ።

ዓርብ ምክንያቱን አገኘችው። ምስሎቹ ትልልቅ ስለሆኑ ለብቻቸው ነው የሚቀመጡት፤ የታካሚው ስም ባለበት ሰንጠረዥ ላይ የሚጻፈው የምስሉ መለያ ቁጥር ብቻ ነው። ግልባጩ ቁጥሩን ይዞ ይሄዳል፣ ምስሉን አይነካውም። «የቤቱን ቁጥር ይዞ፣ ዕቃውን እዚሁ ትቶ እንደሄደ ዕቃ ጫኝ በይው» አለችኝ። ሲቆጠር እኩል የመጣው ለዚህ ነው፤ ምስል ከፍቶ ያየ አልነበረም። መፍትሔው እያንዳንዱን ምስል እያነሱ ሰንጠረዡ ውስጥ ማስገባት ነበር። ያን ጊዜ ከስሙ ጋር አብሮ ይገለበጣል።

ቅዳሜ ጠዋት ያንን አስጀመረች። እኔም ከፈረቃዬ ወጥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ያን ጥያቄ የጠየቀችኝ እንግዲህ ያኔ ነው።

ወዲያው ዳይሬክተሩ አስጠራት። «ይህ የገቡት ምስሎች ቁጥር እየጨመረ ይሄዳል። ከቆመ ሮጠሽ ጥሪኝ፤ ቆሞ ከቆየ አይደርስልኝም» ብላኝ ወረደች።

ሹራቧ ወንበሩ ላይ ተሰቅሏል። አንስቼ አጠፍኩት፤ መልሼ ዘረጋሁት፤ እንደገና አጠፍኩት። ከሄደች ምሳ ሰዓት ላይ ከማጠቢያው ወጥቼ ወደ መስኮቱ ቀና ስል እጁን የሚያወዛውዝልኝ ማን ነው? ወደ ቤት ስንመለስ «እስቲ ያንን የሱቅ ስም አንብቢው» እያለ በየመንገዱ የሚያቆመኝስ? እዚያው ምድር ቤት እያለች ናፈቀችኝ።

ቁጥሩ ቆመ።

ይቀጥላል ብዬ ጠበቅሁ። አልቀጠለም። ክፍሉ ውስጥ ከኔ በቀር ሰው የለም። አላስተዋልኩም ብል ሁሉም ያምነኛል፤ ገና ፊደል እየቆጠርኩ አይደል? ዝም ብዬ መቀመጥ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ተቀመጥኩም። ግን ዓይኔ ከቁጥሩ ላይ አልነሳ አለኝ፤ ሐሙስ ዕለት ባዶውን ሳጥን ስታይ የጠቆረው ፊቷ መጣብኝ። ተነሳሁ። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። የዳይሬክተሩን በር ሳላንኳኳ ከፈትኩ።

«ቆሟል! ልጄ፣ ቆሟል!»

ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለች ወጣች። ምስሎቹ በሁለት ቦታ ስለተቀመጡ ዲስኩ ሞልቶ ኖሯል። የማያስፈልገውን አጥፍታ ቦታ አስለቀቀችና እንደገና አስጀመረችው። ቁጥሩ ተንቀሳቀሰ።

«እትዬ፣ እኔ እርስዎን ብሆን ሶኬቱን ነቅዬ ጸጥ እል ነበር» አለ ተከትሏት የገባው ሽቦ በጆሮዬ።

«ዞር በል ከዚህ፣ አንተ ቀላማጅ!»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ እንባዬን ግን አየብኝ መሰለኝ፣ ጎንበስ ብሎ ገመድ ይፈታ ጀመር።

ከሰዓት በኋላ ከቅርንጫፉ ተደወለ። ምስሎቹ ይታያሉ። ልጄ ስልኩን ዘግታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ብዙ ቆየች። «በየሳምንቱ እመጣለሁ» አለችኝ። መንገዱ ለየሳምንት እንደማይመች ሁለታችንም እናውቃለን፤ ቢሆንም «እሺ» አልኳት።

ሰኞ ጠዋት ልጄ ሄደች። እኔና ሽቦ ቀረን።