ያልተሻረው ሹመት

«እማማ ዘርፉ፣ እስቲ ነሣ ይበሉና ፍራሹን ላራግፍልዎት፤ አቧራው ሊቀብረን እኮ ነው» አለች ጎረቤታቸው አሳየች መጥረጊያዋን እንደያዘች።

እማማ ዘርፉ ንቅንቅ አላሉም። የአዳማ ነፋስ ከማለዳ ጀምሮ የድንኳኑን ሸራ ሲያርገበግብ ቆይቶ ግቢውን አመድ አልብሶታል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከሁሉ ቀድመው መጥረጊያ የሚያነሡት እሳቸው ነበሩ። ዛሬ ግን ጉልበቴን አሉ፤ ቆይ ትንሽ አሉ፤ ደግሞ ሐዘንተኛ ከፍራሽ አይነሣም አሉ። አሳየች ሲደክማት ዙሪያቸውን ብቻ ጠራርጋ ሄደች።

ያላስነሣቸው ጉልበታቸው አልነበረም። ፍራሹ ሥር፣ ልክ እሳቸው የተቀመጡበት ላይ፣ የልጅ ልጃቸው የኤቢሴ የሹመት ደብዳቤ ነበር።

የመጣው ባላቸው አቶ ቀልቤሳ በተቀበሩ ማግስት፣ ኤቢሴ መቃብሩን ልታይ ቤተ ክርስቲያን እንደሄደች ነው። መልእክተኛው እግዜር ያጥናዎት ብሎ አስፈረማቸውና፣ ልጅቷ የወረዳ ምክትል አስተዳዳሪ መሆኗን የምሥራች አስመስሎ ነገራቸው። የት ወረዳ ቢሉት፣ አባቷ የነበሩበት አለ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልሰሙትም። ደብዳቤው የተጻፈው በቁቤ፣ በላቲኑ የኦሮምኛ ፊደል ነው፤ እሳቸው በልጅነታቸው ቄስ ትምህርት ቤትና ጥቂት ክፍል የቆጠሩት በአማርኛ ፊደል በመሆኑ አንዱንም መስመር አላነበቡትም። ክቡን ማኅተም ግን ያውቁታል። የልጃቸው የጃራ ደብዳቤም ግርጌው ላይ እንዲህ ያለ ሰማያዊ ክብ ነበረበት። ጃራ ያንን ይዞ ሄዶ፣ ከስብሰባ ሲመለስ መንገድ ላይ ጠብቀው ገደሉት። ማን እንደገደለው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ኤቢሴን አሳድገው ለወግ ለማዕረግ ያበቋት እሳቸው ናቸው።

እና ደበቁት። በእማማ ዘርፉ ዘመን ሹመት ማለት ወረቀት ነው፤ ወረቀቱ ከተሿሚው እጅ ካልገባ ሹመት የለም። ዝም ብለው ቢቀመጡበት ቀኑ ያልፋል፣ አለቆቹም ተናደው ሌላ ሰው ይፈልጋሉ፣ ልጅቷም እዚሁ ግብርና ቢሮዋ ከወንበሯ ላይ ትቀራለች። እንዲህ አስበው፣ ለቀስተኛ በመጣ ቁጥር ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ፍራሹን እንደ ጫጩት ታቅፈው ተቀመጡ።

ድንኳኑ ውስጥ፣ ከፊት ባለው ጠረጴዛ ላይ፣ የሟች ካባ ተዘርግቷል። በካባው ላይ የቤቱ የሹመት ወረቀቶች ተደርድረዋል። የእነ ቀልቤሳ ቤት ልማድ ነው፤ ከዚያ ቤት ሰው ሲሞት ካባው ይወጣል፣ ወረቀቶቹም ይወጣሉ፣ ለቀስተኛውም ጎንበስ ብሎ ያልፋል። አንደኛው የአቶ ቀልቤሳ አባት ባላባት የተባሉበት ነው፤ የአንበሳው ማኅተም ደብዝዟል፣ ጠርዙን ምስጥ በልቶታል። ሁለተኛው አቶ ቀልቤሳ በስድሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ምክትል ወረዳ ገዥ የተባሉበት፣ ሦስተኛው የጃራ።

የመካከለኛው ወረቀት የሰፈር ቀልድ ነበር። አቶ ቀልቤሳ ካባውን አሰፍተው፣ በቅሎ አስመርጠው፣ ነገ ዛሬ ሲሉ አብዮቱ መጣ። ወንበሩን ሳያዩት ቀሩ። ወንጂ ወርደው ከየአገሩ ከመጣው ሠራተኛ ጋር አገዳ ሲቆርጡ፣ ወረቀቶቹ ዓለም ጤና ከተማ፣ ከዘመድ የሽንኩርት ማሳ ዳር፣ በጣሳ ተቀብረው ከረሙ። እማማ ዘርፉ ያኔ ወጣት ናቸው። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ለወረቀቶቹ መጡብን ብለው ይደነግጣሉ፤ ባክህ አውጥተህ አቃጥላቸው ብለው ስንት ጊዜ ለመኑ። ቀልቤሳ አይቆጡ፣ አይሰሙ። አገዳ የፈጀው እጃቸውን እያሻሹ፣ የሾመኝ ወረቀት መጥቷል፣ የሻረኝ ወረቀት ግን አልመጣም ይሏቸዋል። እንዲህ ያለ ሰው ነበሩ፤ ለስላሳ፣ ግን እንደ ድንጋይ።

ከቀትር በኋላ የሟች የአጎት ልጅ ኦቦ ቀነዓ ከዓለም ጤና ደረሱ። አልቅሰው ሲያበቁ፣ ከፔርሙዝ ቡና ተቀድቶላቸው፣ እንደ ልማዳቸው ነገር ጀመሩ።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል» አሉ ወደ ካባው እያዩ። «ይሄ ወንድሜ ግን ሳይበላም ሳይሻርም ሄደ።»

ወንዶቹ ጋቢያቸው ውስጥ ሳቁ። እማማ ዘርፉም ሳያስቡት ፈገግ አሉ። ኦቦ ቀነዓ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ወረቀቶቹን ቆጠሩና ቅር አላቸው።

«የኤቢሴስ? ለምን አብሮ አልተቀመጠም? ሹመት ያዳብር ብለን እንጂ እንዲሁ ደረቁን እንውጣ?»



እማማ ዘርፉ የምን የኤቢሴ አሉ። ኦቦ ቀነዓ ጥፋታቸው አልገባቸውም፤ የራሳቸው ልጅ ሹመቱን ገና አቶ ቀልቤሳ በሕይወት እያሉ ቴሌግራም ላይ፣ ከነፎቶዋ፣ እንዳሳያቸው አስረዱ። እማማ ዘርፉ ዞር ዞር ብለው ያዩት ፊት ሁሉ አቀረቀረ። አሳየች ታውቃለች። የዕድሩ ዳኛ ያውቃሉ። ዕቃ የምታጥበው ሳትቀር ታውቃለች። ንፍሮ ይዛ በሩ ላይ የቆመችው ኤቢሴ ደግሞ ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

አገር በስልክ የሚያየውን ነገር ነው ለካ ተቀምጠውበት የከረሙት።

ኤቢሴ አጠገባቸው ተንበርክካ በሹክሹክታ ነገረቻቸው። ቀድማ ሰምታ ነበር፤ አያቷ ሲታመሙ ዝም አለች፣ ሲያርፉ ደግሞ በሐዘን ላይ ሐዘን እንዳይሆን ብላ አዘገየች። ሰልስት ይውጣልኝና መልስ እሰጣለሁ ብላ አለቆቿን አስታግሳለች። ደብዳቤ መድረሱን ግን አላወቀችም፤ እማማ ዘርፉም አልነገሯት።

ያን ጊዜ የቆየው ቁጣ ተነሣባቸው፤ በሟቹ ላይ። ጃራ የተሾመ ዕለት፣ አንተ አባቱ ነህ፣ አይሆንም በለው ብለው እግራቸው ላይ ወድቀው ነበር። ቀልቤሳ በማግስቱ ጭራሽ ካባቸውን ለበሱ። ጎረቤት ጠርተው፣ መሐል ቆመው፣ የልጃቸውን ደብዳቤ እንደ አዋጅ ነጋሪ ጮክ ብለው፣ እየተረጎሙ አነበቡ። ሰው አጨበጨበ። የጃራ ሬሳ ከመጣ ወዲህ እማማ ዘርፉ ከባላቸው ጋር በአንድ ትሪ ቀርበው አያውቁም። ምግባቸውን አቅርበው ወደ ጓዳ ይገባሉ። ቀልቤሳም አንድ ቀን ለምን አላሉም፤ ብቻቸውን በልተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ተመስገን ብለው ይነሣሉ።

ሰው ሲሳሳ አብዱልሃኪም ወንበሩን አስጠግቶ መጣ። የጃራ የሥራ ባልደረባ ነው፤ ከቀብሩ ጀምሮ ከድንኳኑ አልተለየም። 

«እትዬ ዘርፉ፣ ኦቦ ቀልቤሳ በሕይወት እያሉ እንዳልናገር አስምለውኝ ነው። ጃራ እንደተሾመ፣ ደብዳቤው ለጎረቤት ከመነበቡ በፊት፣ ቢሮ መጥተው ነበር።»

«ማን? ቀልቤሳ?»

«ያንን ካባ ለብሰው፤ በዚያ ሙቀት። የራሳቸውን ወረቀት አለቃችን ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። ‹ይኸው ሹመቴ። የሻረኝ ወረቀት እስከ ዛሬ አልደረሰኝም። ልጁን ተዉትና እኔን ላኩኝ› አሏቸው።»

እማማ ዘርፉ ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ አወረዱ።

ቢሮው ሳቀ አለ አብዱልሃኪም። እሱም መሳቁን አልደበቀም፤ ሽማግሌው ጃጅተዋል ብሎ ነበር። አለቃው አፍሮ ጃራን አስጠራው። ጃራ አልሳቀም። ወረቀቱን በሥርዓት አጥፎ ለአባቱ መለሰና፣ ክንዳቸውን ይዞ በረንዳው ላይ አስቀመጣቸው። አብዱልሃኪም ሻይ ይዞላቸው ሲወጣ የሰማው ይህን ነው።

«‹አባዬ፣ አንተ ሳትሠራበት የቀረኸውን እኔ ልሥራበት› አላቸው። ቀጥሎ ምን አለ መሰለዎት? ‹እማዬ በፍርሃት እንዳትሞት ደብዳቤዬን አንተ አንብብላት። ደስ ብሎህ አንብብ›።»

 የቀልቤሳ ድምፅ በእማማ ዘርፉ ጆሮ ውስጥ ነበር፤ ያ ጮክ ያለ፣ ጎረቤት ያስጨበጨበ ድምፅ። ሰውየው ሲያነቡ የወረቀቱ ጫፍ ይርገበገብ እንደነበር አሁን ታያቸው። ያኔ የኩራት መስሏቸው ነበር። ስንት ምሳ፣ ስንት እራት ብቻውን በላ! ለቀስተኛ ያየው ለቅሶ አልነበረም ያለቀሱት፤ ድምፅ የሌለው፣ ትከሻ ብቻ የሚያናውጥ ነው። አሳየች ልታባብል ስትጠጋ አብዱልሃኪም በእጁ ተያቸው አላት።

ፀሐይዋ ወደ ወንጂ በኩል ስታዘቀዝቅ ድንኳኑ ባዶ ቀረ። ኤቢሴ መጥታ ጎናቸው ተቀመጠች።

«አኮ» አለች፣ አያቴ ማለቷ ነው፤ «አትሂጂ ካልሽ አልሄድም። የምሬን ነው። ነገ ደውዬ እምቢ እላቸዋለሁ።»

ቃሉ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ነበር። አትሂጂ። አንዲት ቃል ናት፤ ከከንፈራቸው ከወጣች ልጅቷ ቀረች። የልጅቷን ፊት አዩት። ግንባሯ የጃራ ነው፤ መልስ ስትጠብቅ ዝም የምትለው ደግሞ ቁርጥ ቀልቤሳን ነው። ብትቀር እስከ ዕድሜዋ ልክ እንዲህ ዝም ብላ፣ ለምን ሳትላቸው፣ አብራቸው ልትኖር ነው።

በአንድ እጃቸው ተደግፈው ጎናቸውን አነሡ። ሌላውን ፍራሹ ሥር ሰደው ፖስታውን ሳቡት። ተጨማዷል፣ የገላቸው ሙቀትም አልለቀቀውም። ኤቢሴ አየችው፤ እሳቸውን አየች።

«ስትሄጂ በጠዋት ነው» አሉ እማማ ዘርፉ ወደ መሬት እያዩ። «አመሻሽ ላይ የሚነሣ መኪና እንዳትሳፈሪ። መስኮት ጋ እንዳትቀመጪ። ስትደርሺ ደውይ። ሳትደርሺም ደውይ።»

«እሺ፣ አኮ።»

«እሺ አትበይኝ፤ አድርጊው።»

ኤቢሴ ወረቀቱን ከፖስታው አውጥታ ጉልበታቸው ላይ ዘረጋችው። ላንብብልሽ ስትላቸው ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ። ማኅተሙን ሳይሆን ከላይ፣ ደብዳቤው የሚጀምርበትን አካባቢ ሲፈልጉ ቆዩ።

«ስምሽ የቱ ጋ ነው?»

አሳየቻቸው።

«ጃራ የሚለውስ?»

«ይኸው፣ ከስሜ ቀጥሎ።»

«ቀልቤሳ?»

«ከሱ ቀጥሎ።»

እማማ ዘርፉ ሌባ ጣታቸውን በጃራ ስም ላይ አሳረፉ፤ ቀጥለው መካከለኛ ጣታቸውን በቀልቤሳ ላይ። ኤቢሴ ወረቀቱን ልትቀበል እጇን ዘርግታ ነበር፤ መልሳ ሰበሰበችው። ጣቶቻቸው አልተነሡም።