በውሰት ሕፃን

ዲቪና ኮሌጅ ልትጨርስ አንድ ዓመት ሲቀራት የፈራችው ፈተናውን ሳይሆን ሆዷን ነው። እናቷ ሎርና በአሥራ ስምንት ዓመቷ እሷን አርግዛ ትምህርቷን ያቋረጠች ሴት ናት፤ ይህንንም ሩዝ በቀረበ ቁጥር ታነሳዋለች። ባሏ ከሞተ ወዲህማ ብሶባታል። ጣትሽ ላይ ቀለበት ሳይገባ ወንድ አጠገብሽ ድርሽ እንዳይል ትላታለች። ዳንቴ ደግሞ ድርሽ ካለ ከርሟል።

ዳንቴ ከደሴት ደሴት በሚመላለስ መርከብ ላይ የሚሠራ፣ ማዕበል የማይፈራ ጎረምሳ ነው። ፋርማሲ ግን ይፈራል። ኮንዶም እንዲገዛ ሁለት ጊዜ ተልኮ ሁለቴም የሳል ሽሮፕ ይዞ ተመለሰ። ምን ያድርግ፣ ሻጯ ቤተ ክርስቲያን ከእናቱ ጎን ቆማ የምትዘምር ሴት ናት። የዲቪና ጓደኞችም ምክር አልሰሰቱም። አንዷ ክኒን ማህፀን ያደርቃል አለች። ሌላዋ ከነገሩ በኋላ ቀዝቃዛ ለስላሳ ጠጥቶ መዝለል ይበቃል አለች። እሷ ራሷ ዘልላ ዘልላ በጥር ወር ወልዳለች።

በመጨረሻ ዲቪና በወሊድ መከላከያ መርፌው ቆረጠች። ሦስት ወር ይይዛል፣ በነጻም ይሰጣል። ችግሩ የሚሰጠው በመንደሩ ጤና ጣቢያ መሆኑ ነው። አዋላጇ ፓሲታ የክርስትና እናቷ ናት፤ አግዳሚ ወንበሩ ላይ የሚቀመጡት ሴቶችም ዝምድና ባይቆጥሩ እንኳ ሁሉም አክስቶቿ ናቸው። በእኛ በፊሊፒንሷ ደሴት በቦሆል ትልቅ ሰው አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው። የእያንዳንዷን እጅ ይዞ ግንባር ማስነካት፣ «ወዴት ነሽ?» ስትልም መልስ መስጠት ግድ ነው። ያላገባች ልጅ በጤና ጣቢያ በኩል ወዴት ናት ትባል?

ደግነቱ ረቡዕ የሕፃናት ክትባት ቀን ነው፤ ሕፃን ያቀፈችን ሴት ማንም ወዴት ነሽ አይላትም። ዲቪናም የአጎቷን ልጅ ጆሲን ለመነቻትና ወፍራሙን ልጇን ዶዶንግን ተዋሰች። ጆሲ ለምን ብላ እንኳን ሳትጠይቅ አንስታ ሰጠቻት። ይህ ነገር ሊያስጠረጥራት ይገባ ነበር።

ዶዶንግ የሕፃናቱን ሚዛን ገና ከበሩ ሲያይ ጩኸቱን አቀለጠው። ፓሲታ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ ልጁን ተመለከተች፤ ከዚያ ወደ ዲቪና ጠጋ ብላ ድምጿን ቀነሰች።

«ይሄ ልጅ በየሳምንቱ ይመጣል» አለቻት። «በየሳምንቱ ደግሞ እናቱ ሌላ ናት። የቀረው ክትባት የለም እኮ። ግን ሰው እንዳይጠረጥር ብዬ አስወልቄ እመዝነዋለሁ።»

ለዶዶንግ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው። የዲቪና ጆሮ ጋለ። በስንት ጭንቀት የፈለሰፈችውን ዘዴ የመንደሩ ኮረዳ ሁሉ ከእሷ ቀድማ ስትሠራበት ኖሯል።

«ኒናንግ፣ ለእማዬ እንዳትነግሪብኝ» አለች፤ የክርስትና እናቷን የምትጠራት እንዲህ ነው።

ፓሲታ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ እሷ አፏን ብትከፍት ኖሮ በዚህ መንደር ተፋቅሮ የሚያድር ጎረቤት እንደማይኖር ነገረቻት። ተራሽን ጠብቂ ብላትም ገባች።

ዲቪና ገና መቀመጧ ነበር፣ በሩ ላይ ሎርና ብቅ አለች። ልጅቷ ነፍሷ ልትወጣ ደረሰች። ዶዶንግን ወደ ፊቷ ከፍ አድርጋ ልትደበቅበት ስትል ግን የእናቷ ክንድ ላይ ዓይኗ አረፈ። ሎርናም ሕፃን ታቅፋለች፤ የጎረቤታቸውን ልጅ፣ ያውም ኮፍያዋን ገልብጣ ያደረገችላትን። ለአክስቶቹ፣ ያለጠያቂ፣ የሕፃኗ እናት ስላልተመቻት ላስከትብላት ነው ትላለች። ዓሣ ነጋዴው ቤርቶ ከፋሲካ ወዲህ ትልልቁን ዓሣ ለምን እቤታቸው ድረስ ተሸክሞ እንደሚያመጣ ዲቪና ያን ጊዜ ገባት። እሷ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ለሐዘንተኛ አዝኖ ነበር የሚመስላት።

ከዲቪና አጠገብ በስተቀር ክፍት ቦታ አልነበረም። ሎርና ተቀመጠች። እናትና ልጅ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የእጅ መታጠብ ሥዕል የመጀመሪያቸው ይመስል አፍጥጠው ተመለከቱት። ሎርና አንገቷ ድረስ ቀልታለች። ዲቪና እናቷን እንዲህ አፍራ አይታት አታውቅም፤ አንጀቷን በላቻት።

ፓሲታ አንገቷን ብቅ አድርጋ ተረኛዋን ጠራች። ከሁለቱ የተንቀሳቀሰ የለም።

«ልጁን ስጪኝ» አለች ሎርና በመጨረሻ፤ ሁለቱንም ሕፃናት ጉልበቷ ላይ አመቻቸች። «ግቢ፣ አንቺ ቅደሚ። እኔን በአንቺ ዕድሜ ግቢ ያለኝ አልነበረም።»