መወጣጫ የሌላት መኪና

ሙሴ ከጓድ ወልደጻድቅ ቢሮ ሲወጣ በሩን ሊገነጥለው ምንም አልቀረውም። እጀታውን ጨብጦ ለአፍታ ቆመና፣ ዘመኑ በር የሚወረወርበት ዘመን እንዳልሆነ ትዝ ሲለው ቀስ ብሎ ዘጋው። ንዴቱን ግን ይዞት ወጣ። መናኸሪያ አጠገብ እስካለው ጋራዥ ድረስ፣ ሰላም ያሉትን ሁሉ ሳያይ ከራሱ ጋር እየተጨቃጨቀ ሄደ።

ጠቡ በመኪናዋ ምክንያት ነበር። ከድርቁ በኋላ አዋሳ ላለው የጤና መሥሪያ ቤታቸው ከባሕር ማዶ በእርዳታ የመጣች፣ አራቱም ጎማዋ የሚጎትት፣ ሆዷ ሁለት አልጋ የሚያዘረጋ ትልቅ ቫን ናት። የመጣችው በሽተኛ ከገጠር እንድታመላልስ ነው። ነገር ግን ከመሬት እምብዛም ከፍ አላለችምና ክረምት ሲገባ ከጨፌው ማዶ ባለው ጥቁር ጭቃ ላይ በሆዷ ትተኛለች፤ አራቱም ጎማ በከንቱ ይሽከረከራል። የመሥሪያ ቤቱ መካኒክም ሾፌርም ሙሴ ስለሆነ፣ በአካፋ ቆፍሮ የሚያወጣትም እሱው ነው። እንግዲህ ከፍ ትበል የሚለውን ሐሳብ ያመጣው ራሱ ሙሴ ነበር። ክብደቷን የሚሸከመው ባሌስትራዋ ላይ አንዳንድ ረድፍ ብረት ጨምሮ በመጠኑ አነሳት። ከኋላ በሯ ሥር ደግሞ ሁለት እርከን ያለው የብረት መወጣጫ በየደላት፤ የሚሳፈርባት በሽተኛ ነውና።

ጓድ ወልደጻድቅ ይህን ሲያይ ነው ቢሮ ያስጠራው። ጓድ ወልደጻድቅ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ነው፤ ቁመቱ አጭር፣ ንግግሩ ረጅም። መኪናዋ በአብዮት በዓል ሰልፉን እንደምትመራ፣ የሌላ መሥሪያ ቤት መኪና በቁመት በልጧት መታየት እንደሌለበት፣ ስለዚህም ሙሴ ካነሳት በእጥፍ ከፍ እንድትል አዘዘ። ያ ከሥሯ የተንጠለጠለ ቅራቅንቦ ደግሞ ፎቶ ስለሚያበላሽ ይቆረጥ አለ። ሙሴ ከመጠን በላይ ከፍ ካለች መታጠፊያ ላይ እንደምታጋድል፣ የሞተሩን ጉልበት ለጎማ የሚያደርሰው ካርዳኗም እንደሚጎዳ ሊያስረዳ ሞከረ። በሽተኛስ በምን ይወጣል ብሎም ጠየቀ።

«ሰፊው ሕዝብ ስንት ተራራ የወጣ ነው» አለው ጓድ ወልደጻድቅ። «መኪና መውጣት አያቅተውም።»

ለአፍ ዳገት የለውም። ሙሴ ይህን በሆዱ እንጂ በአፉ አላለውም፤ በዚያ ዘመን ብዙ ሰው ብዙ ነገር በሆዱ ብሎ ነው በሕይወት የቆየው። ጋራዥ ገብቶ መኪናዋን በክሪክ አነሳ። ከባሌስትራዋና ከጎማ መያዣው ብረት መካከል ወፋፍራም ጉማጅ ብረት አስገባ፤ የፍሬን ቱቦዋን አስረዘመ፤ ትልልቅ ጎማ ገጠመላት። መወጣጫውን በመጋዝ ሲቆርጥ እያንዳንዷ ጭረት ጥርሱ ላይ የምታልፍ መሰለችው። የተቆረጠውን ግን አልጣለውም። ከጋራዡ ጀርባ፣ ከአሮጌ በርሜሎች ሥር ሸጎጠው።

እውነቱን ለመናገር፣ ሥራው ሲያልቅ መኪናዋ አምራ ነበር። ባለጋሪዎች ፈረሳቸውን አቁመው ቀና ብለው አዩዋት። ሙሴም አንድ ሁለት ጊዜ ዞሮ ተመልክቷት ደስ አለው፤ ወዲያው ደግሞ ደስ ስላለው ተናደደ። ጓድ ወልደጻድቅ ሊሳፈርባት ሲል ግን እግሩ አልደረሰለትም። የጥበቃ ሠራተኛው አሰፋ ሮጦ የለስላሳ መጠጥ ሣጥን አመጣና ከእግሩ ሥር አደረገለት። በማግስቱ ሣጥኑ ቀይ ጨርቅ ለበሰ። ከዚያ ወዲያ ኃላፊው በተሳፈረ ቁጥር ሣጥኑ ይወጣል፣ በወረደ ቁጥር ተመልሶ ጥበቃ ክፍል ይቆለፍበታል።

በበዓሉ ቀን ሰልፈኛው ጉዱማሌ ሜዳ ላይ ተሰበሰበ። የቀረ ሰው በቀበሌው ስለሚጠየቅ ወንዱም ሴቱም ወጥቷል። መኪናዋ ከፊት ቆማለች። በጎኗ «ጤና ለሰፊው ሕዝብ» የሚል ቀይ ጨርቅ ተወጥሮባታል። ጓድ ወልደጻድቅ በሣጥኑ ወርዶ ከክብር እንግዶች ጋር መድረክ ላይ ተቀምጧል። ሙሴ መሪውን ይዞ ትእዛዝ ሲጠብቅ፣ ሚስቱ ታቢታ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ በሰልፈኛው መሀል ስትመጣ አያት። ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች። ከዚያ ሁሉ መንገድ በእግሯ መምጣቷን ሲያይ ነገሩ ክፉ እንደሆነ ገባው።

እናቷ ናቸው የታመሙት። ከሌሊት ጀምሮ ሆዳቸው ተነፍቶ ያስመልሳቸዋል፤ ጠዋት የመጣችው የጤና ረዳት አንጀታቸው ሳይታጠፍ አልቀረም፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል ካልደረሱ አይተርፉም ብላለች። ቤታቸው ከጨፌው ማዶ ነው። በደህና ቀን ቢሆን ጎረቤት ቃሬዛ ሠርቶ ተሸክሞ ያወጣቸው ነበር። ዛሬ ግን ቃሬዛ የሚሸከም ትከሻ ሁሉ መፈክር ተሸክሞ ጉዱማሌ ቆሟል።

ሙሴ ማንንም አላስፈቀደም። ታቢታን በፊት በር በኩል ደግፎ አወጣት፤ እሷን ለማውጣት እንኳ ፍዳውን አየ። ሞተሩን አስነሣና ከሰልፉ ራስ ላይ ተገንጥሎ ወጣ። ከኋላው ፊሽካ ተነፋ። በመስተዋት ሲያይ ጓድ ወልደጻድቅ መድረኩ ላይ ብድግ ብሎ እጁን ያወናጭፍ ነበር።

ጭቃው ጋ ሲደርስ አራቱም ጎማ እንዲጎትት ማርሽ አስገብቶ ነዳት። መኪናዋ ድሮ የምትቀረቀርበትን ቦታ ሁሉ ሆዷ ሳይነካ ሰንጥቃ አለፈች። ሙሴ ከንዴቱም ከፍርሃቱም መሀል፣ ሥራዬ ሠራ ብሎ ኮራ። ኩራቱ የቆየው ከአማቱ ደጅ ቆሞ የኋላ በሯን እስኪከፍት ድረስ ብቻ ነው።

የታቢታ እናት ጎንበስ ብለው፣ ግድግዳውን ተደግፈው ወጡ። ሙሴ እንደ ደንቡ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ ገለል አለ። በእነሱ ዘንድ አማትና አማች የሚከባበሩት በመራራቅ ነው። አይነካኩም፣ ፊት ለፊት አይነጋገሩም፤ ሙሴ ልጃቸውን ካገባ ጀምሮ ስማቸውን በአፉ ጠርቶ አያውቅም። ሴትዮዋ ወንጌልን ሲቀበሉ ብዙ የድሮ ነገር ትተዋል፤ ይህችን ግን አልተዉም። ሙሴም ይተዉ ብሎ ተመኝቶ አያውቅም፤ ክብሩ ለእሱም ነበር።

ታቢታ እናቷን እስከ መኪናዋ አደረሰቻቸው። የመኪናዋ ወለል ደረታቸው ላይ ነበር። ሴትዮዋ አንድ እጃቸውን ወለሉ ላይ አሳርፈው፣ ሌላውን ሆዳቸው ላይ እንዳደረጉ፣ በምን እንደሚወጣ ግራ ገብቷቸው ቆሙ። ታቢታ ልታነሳቸው ብብታቸውን ያዘች፤ ወዲያው የራሷ ሆድ ሲቆርጣት ለቀቀቻቸውና መኪናዋን ተደግፋ ቃተተች። ሙሴ ከቤት በርጩማ ይዞ ሮጠ። በርጩማው ገና ሲረገጥ ከነእግሩ ጭቃው ውስጥ ሰመጠ። ግንድ ፈለገ፣ ድንጋይ ፈለገ፤ ጨፌ ዳር ደግሞ ድንጋይ ከየት ይመጣል። መኪናዋን ዝቅ እንዳያደርጋት ያ ቀን ሙሉ የሚፈጅ ሥራ ነው። ቆመው የሰቀሉትን ቁጭ ብለው ለማውረድ ይቸግራል።

ሊያቅፋቸው ወደ ፊት አንድ እርምጃ ተራመደ። ሴትዮዋ ያን አይተው ፊታቸውን ወደ መኪናዋ አዞሩ፤ ሙሴም ባለበት ቀረ። ቢያቅፋቸው በሕመማቸው ላይ እፍረት እንደሚጨምርባቸው ያውቃል። ባያቅፋቸው ይሞታሉ።

«ታቢታ» አሉ ሴትዮዋ ዞር ሳይሉ። «ይህን መኪና እንዲህ ከፍ ያደረገው ማነው በዪው።»

ታቢታ አጠገቧ ወደቆመው ባሏ ዞረች፤ ጥያቄውን መድገም አላስፈለጋትም።

«እኔ ነኝ በያቸው» አለ ሙሴ።

«ማንን ሊጭንበት ነው በዪው።»

ጓድ ወልደጻድቅ ያን ጊዜ ፊቱ ቆሞ ቢሆን ሙሴ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም፤ የራሱንም እጅ፣ ያን ጉማጅ ብረት ያስገባውን እጁን፣ ቢችል ነቅሎ ይጥለው ነበር። ከመኪናዋ ጎን ቀዩን ጨርቅ ቦጭቆ አወረደና ጀርባው ላይ ጣል አድርጎ፣ ከበሩ ሥር በእጁና በጉልበቱ ጭቃው ላይ ተንበረከከ።

«ጨርቅ አለው በያቸው፤ እኔን አይነኩም። ይርገጡኝ።»

ሙሴ የሴትዮዋን ትንፋሽ ይሰማል። በኋላ የቀኝ እግራቸው ወገቡ ላይ አረፈ፤ ግራው ተከተለ። ሙሴ እስከ ክርኑ ድረስ ጭቃው ውስጥ ሰመጠ፤ ያም ሆኖ አልተነቃነቀም። እሳቸው ወለሉ ላይ ሲያርፉ ታቢታ ታለቅስ ነበር። ሙሴ አላለቀሰም። ተነሥቶ በሩን ዘጋና ወደ ሆስፒታል ነዳ። እዚያ ደጅ ላይ ሁለት አልጋ ገፊዎች ተቀባብለው አወረዷቸው። ሐኪሙ አንጀታቸውን ፈታ፤ ትንሽ ዘግይታችሁ ቢሆን አልነበሩም አለ።

በማግስቱ ጓድ ወልደጻድቅ አስጠራው። ጠረጴዛው ላይ ቀዩ ጨርቅ ተዘርግቷል። «ሰፊው» ከሚለው ቃል ላይ፣ ከነጣቱ በደንብ የታተመ ባዶ እግር ደርቋል።

«ይህ የማን እግር ነው?» አለ ጓድ ወልደጻድቅ።

«የሰፊው ሕዝብ ነው፣ ጓድ።»

ኃላፊው ብድግ አለ። ሰልፍ ስለ መበተን፣ የመንግሥት ንብረት ለግል ጉዳይ ስለ ማዋል፣ የአብዮቱን መፈክር ስለ ማስረገጥ ብዙ ተናገረ። ሙሴ የሆነውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረው። በዚህ ጊዜ ሰውየው ትንሽ ቀዝቀዝ አለ፤ እንዲያውም ያዘነ መሰለ።

«ታዲያ ለምን አትጠይቀኝም?» አለው። «ሣጥኑን አውስህ ነበር።»

እዚህ ላይ ነው ሙሴ ቱግ ያለው። ቢሰድበው፣ ቢያስፈራራው ይችለው ነበር። ሣጥኑን አውስህ ነበር! ሕመምተኛ ሁሉ እየመጣ ከዚህ ሰውዬ ቀይ ሣጥን ሊዋስ ነው። መልስ ሳይሰጥ ወጣ፤ በዚህኛው ቀን በሩን አልዘጋውም።

ከበርሜሎቹ ሥር መወጣጫውን ጎትቶ አወጣ። መኪናዋ ከፍ ብላለችና ሦስተኛ እርከን ቆርጦ ጨመረበት። ብረቱን ብቻውን ይዞ መበየድ አልሆንለት ሲል፣ አሰፋ ከጥበቃ ክፍሉ ወጥቶ መጣ፤ ምንም ሳይናገር ተንበርክኮ ብረቱን በትከሻው ደገፈለት። ጓድ ወልደጻድቅ ደርሶ አቁም ብሎ ጮኸ። ሙሴ አላቆመም። ኃላፊው ሊጠጋ ሲል የብየዳው ብርሃን ዓይኑን ወጋው፤ እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ዞረ። ሙሴ የበየደውን ቦታ ደግሞ በየደው፤ ከዚያ ሌላ ሰው መጋዝ ቢያነሣ እጁ እስኪዝል እንዳይበጠስ፣ በሦስተኛው ደረበበት።

ከሰዓት በኋላ መጥተው ወሰዱት። የቀበሌው እስር ቤት ውስጥ ቀን ቀንን ወለደ። ንዴቱም አብሮት ታሰረ። ይተኛል ይነሳል፤ ያቺን «አውስህ ነበር» የምትል ቃል ያመነዥካታል። ታቢታ ስንቅ ስታመጣ ወሬ ታመጣለች። መኪናዋን ሌላ ሾፌር ይዟታል፤ መወጣጫው አልተቆረጠም። አንዱ ሞክሮ መጋዙ ተሰብሮበታል አሉ። እናቷን ከሆስፒታል ያመጣቻቸው ያቺው መኪና ናት፤ በራሳቸው እግር ወርደዋል።

አንድ ቀን ታቢታ አዲሱን ልጅ አዝላ መጣች። ከኋላዋ እናቷ በምርኩዝ ይከተሏታል። ሙሴ እንዳያቸው ብድግ ብሎ እንደ ደንቡ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ሴትዮዋ ከአጥሩ ማዶ ቆሙ። እንደ ወትሮው በልጃቸው በኩል እስኪጠይቁት ጠበቀ፤ ታቢታ ግን ገለል ብላ ልጁን ታባብል ጀመር።

«ሙሴ» አሉት።

ስሙን ከእሳቸው አፍ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። ቀና ሊል ምንም አልቀረውም።

«ጀርባህ እንዴት ነው?»

«ጀርባዬ ደህና ነው፣ እናቴ» አለ። «ንዴቱ ነው ያልወጣልኝ።»

«አታውጣው» አሉት። «ነገ ስትፈታ ያስፈልግሃል፤ ደግሞ ሌላ መኪና ከፍ አድርግ ይሉሃል።»