ቃለ ጽሕፈት

መምህር መርጋ ዓይነ ስውር ነው። ነቀምቴ ባለው የመምህራን ኮሌጅ ቅዳሜ ቅዳሜ «የልዩ ፍላጎት ትምህርት መግቢያ»ን የሚያስተምረው እሱ ሲሆን፣ ስም ሲጠራም በወረቀት ሳይሆን በጆሮው ነው። ተማሪዎቹ ሁሉ በሥራ ላይ ያሉ አስተማሪዎች ናቸው፤ ዕድሜያቸውን የጠመኔ ብናኝ ሲውጡ የኖሩ፣ ግማሾቹም ትምህርቱን ካላሟሉ ደረጃቸው እንደማያድግ ስለተነገራቸው ብቻ የመጡ።

«ጂሩ» አለ መርጋ።

«አለሁ» አለ ሮብሳን ድምፁን ወፈር አድርጎ፣ ለቀረው ጓደኛው።

መርጋ ራሱን ዘንበል አደረገ። «ሮብሳን፣ ዛሬ ሁለት ሰው ሆነህ ነው የመጣኸው? ደግ አደረግህ። ፈተናውንም ለሁለት ትቀመጣለህ፣ የሚወድቀውን አንተ ትመርጣለህ።»

ክፍሉ ሳቀ። ከፊት የተቀመጠችው ቀለሟም ሳቀች።

ቀለሟ አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ወለጋ፣ አኖ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ያስተማረችው ግን ኪራሙ፣ በድርቁ ዘመን ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ገበሬዎች ልጆቻቸውን በሚልኩባት አንዲት የገጠር ትምህርት ቤት ነበር። ተኩስ መጥቶ አገሩ ሲበተን እሷም እንደሌላው ሁሉ በለበሰችው ልብስ ነቀምቴ ገባች። ሌላ ትምህርት ቤት ተመደበች። ተመስገን ብላ ሥራዋን ቀጠለች፣ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሳትቀር ሦስት ዓመት ሞላት።

መርጋ ማስጻፍ ጀመረ። «ርዕሱ፣ የማይሰማ ልጅ ክፍል ውስጥ በምን ይታወቃል። ጻፉ። አንድ፣ ከኋላው ሲጠሩት አይዞርም። ሁለት፣ የሚናገረውን ሰው አፍ አፉን ያያል። ሦስት፣ ቃለ ጽሕፈት ሲሰጥ አጠገቡ ካለው ልጅ ይገለብጣል፣ ያውም የዚያን ልጅ ስሕተት ሳይቀር። አራት፣ ያልገባውን ነገር በፈገግታ ያልፈዋል። አስተማሪው ይህን ንቀት ነው ሊለው ይችላል። አምስት…»

ቀለሟ አምስተኛውን አልጻፈችም።

ማሬ ኪራሙ ሳለች የሁለተኛ ክፍል ተማሪዋ ነበረች፣ የስምንት ዓመት ልጅ። ሁልጊዜ ከጎረቤቷ ከአሊ ልጅ ከሲሀም ጎን ነው የምትቀመጠው። ሲሀም ስትነሳ ትነሳለች፣ ሲሀም ደብተር ስታወጣ ታወጣለች። ቀለሟ ስታስተምር ልጅቷ ዓይኗን ከአስተማሪዋ አፍ ላይ አትነቅልም። ፈገግ ትላለች።

ያ ፈገግታ ነበር የቀለሟን ልብ ያቆሰለው። የቀለሟ አማርኛ ከደብተር የተማረችው ነው፣ አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ነው። መጀመሪያ ወደዚያ አገር የሄደች ጊዜ ጮክ ብላ ስታነብ ልጆቹ አፋቸውን በደብተር ሸፍነው ይስቁባት ነበር፤ ገበያ ወጥታም እናቶች አነጋገሯን አስመስለው ሲቀባበሉት ሰምታለች። እየዋለ እያደረ ሳቁ ቀረ። ማሬ መጥታ አፍ አፏን እያየች ፈገግ ስትል ግን የዱሮው ቁስል አመረቀዘ። «ይቺ ልጅ አማርኛዬን ነው የምታየው» አለች በልቧ። ስትጠራት አትዞርም። ሌላው ልጅ ሁሉ ዞሮ ሲያያት ነው ብድግ የምትለው። «ለእኔ ሲሆን ጆሮዋ አይሰማም» ብላ ለርዕሰ መምህሩ ከስሳታለች። በገዛ አፏ፣ ቃል በቃል እንዲህ ብላ።

ኅዳር ነበር። ቃለ ጽሕፈት ሰጠች። ደብተር ስታርም ሲሀም ሦስት ቦታ ተሳስታለች፤ ማሬም እነዚያኑ ሦስት ስሕተቶች እዚያው ቦታ ላይ አስቀምጣለች። ቀለሟ ጆሮዋን ይዛ ከክፍሉ አወጣቻት። ሲሀምን እንዳታይ ከክፍሉ ጀርባ ወሰደቻት፣ ጫማዋን አስወለቀቻት፣ ፊቷን ወደ ጭቃው ግድግዳ አዙራ እንድትንበረከክ በእጇ አሳየቻት። ማሬ ፈገግ ብላ ተንበረከከች።

«እስክጠራሽ እንዳትነሺ» አለቻት፣ ለጀርባዋ።

የትምህርት ቤቱ ደወል ዋንዛ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው። ሦስት ጊዜ ከተመታ ዕረፍት ነው። ሳያቋርጥ ከተመታ ግን ወደ ወንዙ ሩጡ ማለት ነው፤ ያን ሰሞን ይህን የማያውቅ ልጅ አልነበረም። በዚያን ቀን ቸርኬው ሳያቋርጥ ተመታ። ቀለሟ ተማሪዎቿን እየነዳች ሮጠች። ወንዙን ተሻግራ ስትቆጥር ከሃምሳ ሁለቱ ሃምሳ አንዱ ብቻ ነበሩ። ያኔ ትዝ አለቻት። ከወዲያ ማዶ ተኩሱ ይንጣጣል፣ ጭሱ ይታያል። የማሬ እናት ዘርፈሽ በልጆቹ መካከል እየዳበሰች መጣች። «እትዬ፣ ልጄስ?» አለቻት።

«ጠርቼያት ነበር፣ እምቢ አለችኝ» አለች ቀለሟ። ቃሉ ከአፏ እንዴት እንደወጣ ዛሬም አታውቀውም።

ከሳምንት በኋላ ተመልሰው የሄዱ ወንዶች ልጅቷን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ግድግዳው ሥር አግኝተው እዚያው ቀበሯት።

ዘርፈሽ አሁን እዚሁ ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ ለየቤቱ እየሸጠች ትኖራለች። ከዚያ አገር ሰው ነቀምቴ ላይ ለቀለሟ የቀረቻት እሷ ብቻ ናት። በየበዓሉ አንድ ጣሳ ሽሮ ይዛላት ትመጣለች። «ልጄን መጨረሻ የጠራሻት አንቺ ነሽ» ትላታለች። ቀለሟም ጣሳውን ትቀበላለች። ሽሮውንም ትበላዋለች።

መርጋ ትምህርቱን ሲጨርስ የቤት ሥራ ሰጠ። እያንዳንዱ ሰው አንድ ልጅ መርጦ፣ የልጁን ታሪክ ከወላጅ ጠይቆ ቅጽ ይሞላል። ወላጅ ይፈርምበታል። «ለእኔ ወረቀት አትቆልሉብኝ» አለ። «ቅዳሜ እዚህ ቆማችሁ ታነቡልኛላችሁ።»

ሁሉም ወጥቶ ሲያልቅ ቀለሟ ቀረች።

«አዴ ቀለሟ» አለ መርጋ፣ ሳትናገር። «ስትጽፊ ዴስክሽ ይንቋቋል። ዛሬ ከአራተኛው በኋላ ዝም አለ።»

«ቅጹ በሕይወት ለሌለ ልጅ ይሞላል?»

መርጋ ምርኩዙን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። «ማን ሊማርበት?»

«እኔ።»

«ወላጅ አለው?»

«እናት አለቻት።»

«እንግዲያው ትፈርማለች። ያለ ፊርማ ከማንም አልቀበልም» አለ። ድምፁንም ዝቅ አድርጎ፣ «ጊዜ ከፈለግሽ ግን እጨምርልሻለሁ» አላት።

«አይ፣ ሦስት ዓመት ወስጃለሁ» አለች።

ያን ሌሊት ጸለየች። ጌታ ሆይ ይቅር በለኝ ማለት ለቀለሟ አይከብዳትም፤ ጧትና ማታ ስትለው ኖራለች። ይህንኑ ለዘርፈሽ ግን አንድ ቀን ብላ አታውቅም። ከነገረቻት ዘርፈሽን ታጣታለች። ካልነገረቻት ደግሞ ማሬ እናቷ ዘንድ ለዘላለም እምቢ ያለች ልጅ ሆና ትቀራለች።

እሑድ ከአምልኮ እንደወጣች በቀጥታ ቡርቃ ጃቶ ሄደች። የዘርፈሽ አከራይ ሊሊሴ ግቢው ውስጥ ልብስ ታሰጣለች። «ባርሲስቱ፣ አካም ጅርታ!» አለቻት፤ መምህርት፣ ደህና ነሽ ወይ ማለቷ ነው። «ወይ ግቢና ገላግይን፤ ይቺ ሴትዮ በርበሬዋን ስትነፋ ዶሮዎቼ ሳይቀሩ አስነጠሱ።»

«አንቺም ደግሞ ስትበዪው አታስነጥሺም» አለች ዘርፈሽ ከውስጥ። ቀለሟን ስታይ ወንፊቱን አስቀምጣ ተነሳች። «ኧረ ግቢ እትዬ። ምነው ፊትሽ? አመመሽ እንዴ?»

«አላመመኝም። ከኮሌጅ የተሰጠን ቅጽ ነው። ስለ ልጅ ይጠይቃል።»

«ስለ የቱ ልጅ?»

«ስለ ማሬ።»

ዘርፈሽ ወረቀቱን አየችው። ማንበብ አትችልም፤ ቢሆንም ለረጅም ጊዜ አየችው። «ለማሬ ዛሬ ቅጽ መጣላት» አለች ቀስ ብላ። «ይሁን፣ ጠይቂኝ።»

«መቼ ነው አፍ የፈታችው?»

«ቶሎ ነው የፈታችው። ወሬኛ ነበረች።» ዘርፈሽ በጣቷ የወንፊቱን ጠርዝ ዞረችው። «በሦስት ዓመቷ ኩፍኝ ያዛት። ዳነች ብለን ተመስገን ስንል ጆሮዋ ሄደ። ደብቄሽ ነው እትዬ፤ ልጄ አትሰማም ነበር።»

ቀለሟ ብዕሯን ከወረቀቱ ላይ አነሳች። «ለምን ደበቅሽኝ?»

«የመንደራችንን የማዘንጊያን ልጅ ሊያስመዘግቡት ሲወስዱት፣ ለደንቆሮ ቦታ የለንም ተብሎ ሲመለስ አይቻለኋ። እኔም ማሬን በእጄ በዓይኔ አስተማርኳት። ሲሀምን እያት፣ ስትነሳ ተነሺ፣ ስትሮጥ ሩጪ አልኳት። ካልገባሽ ደግሞ ሳቂ አልኳት። የሚስቅ ልጅ ሰው አይመታም ብዬ።»

ውጭ ሊሊሴ ልብስ ስታራግፍ ይሰማል።

«ያን ቀን ስትጠሪያት አልሰማችሽም እንጂ እምቢ አላለችሽም» አለች ዘርፈሽ። «እምቢተኛ ልጅ አልነበረችም፣ እትዬ። ይሄን ልነግርሽ ስንት ጊዜ ቤትሽ መጥቼ ሽሮውን አስቀምጬ ተመለስኩ። ነግሬሽ ቢሆን ኖሮ እጇን ይዘሽ ትሮጪ ነበር። እኔው ነኝ ልጄን የበላኋት።»

ቀለሟ በዚያች ሰዓት ዝም ብትል ኖሮ ነገሩ ሁሉ ያበቃ ነበር። ቅጹ ይሞላል፣ ፊርማው ይገኛል፣ ጣሳውም በየበዓሉ ይመጣል። እናቲቱ ሸክሙን ማንም ሳይጭናት ራሷ ተሸክማዋለች።

«ዘርፈሽ፣ አልጠራኋትም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ከሲሀም ገልብጣ ነበር፣ ቀጣኋት። ከክፍሉ ጀርባ አንበረከክኋት፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙሬ። እስክጠራሽ እንዳትነሺ አልኳት። ቸርኬው ሲመታ… ረሳኋት።»

ዘርፈሽ አልጮኸችም። ስትጠይቅ ድምፏ የገበያ ዋጋ እንደምትጠይቅ ነበር።

«ሲሀምን ታያት ነበር?»

«አታያትም።»

«ጫማዋስ?»

«እኔ ነኝ ያስወለቅኋት።»

«ጫማዋን ከጎኗ አገኘነው አሉኝ። ኮቴዋ እንዳይሰማ አውልቃ ተደብቃ ነበር፣ ብልህ ልጅ ነበረች አሉኝ።» ዘርፈሽ እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «እኔ ሦስት ዓመት እሱን እያሰብኩ ነው የምተኛው። ተደብቃ ነበር፣ ሞክራ ነበር እያልኩ።»

«አልተደበቀችም።»

«አዎ። አልተደበቀችም።»

በርበሬው ጉሮሮ ይይዛል፤ ሁለቱም ግን አልሳሉም። በመጨረሻ ዘርፈሽ ወረቀቱን በጣቷ ወደ ቀለሟ ገፋችው።

«የምልሽን ጻፊ» አለች።

ቀለሟ ጎንበስ አለች።

«ስሟ ማሬ ይመር። ጆሮዋ አይሰማም ነበር፣ እናቷ ደበቀች። ጻፍሽ?»

«ጻፍኩ።»

«አስተማሪዋ ወደ ግድግዳ አዞረቻት። ረሳቻት። ስምሽን ጻፊበት።»

«ጻፍኩ።»

«እምቢ አላለችም። ተንበርከኪ በተባለችበት ቦታ እስክትጠራ ጠበቀች። ይሄንንም ጻፊ። አንድም ሳትቀንሺ አንብቢልኝ።»

ቀለሟ አነበበች። በዚያው ይሳቅበት በነበረው አማርኛዋ፣ ከስሟ ጀምራ እስከ መጨረሻው። ዘርፈሽ አፍ አፏን እያየች አዳመጠቻት።

ሲያልቅ ዘርፈሽ ብዕሩን ተቀብላ አውራ ጣቷን ቀለም ቀባችው፣ ወረቀቱ ላይም ተጫነች። ጣቷ በርበሬ ነክቶት ስለነበር አሻራው ከሰማያዊው ጋር ቀይ ሆኖ ወጣ።

«ከእንግዲህ ሽሮ አላመጣልሽም» አለች።

«እሺ።»

«አንቺም እዚህ አትምጪ።»

«እሺ» አለች ቀለሟ። ተነስታ ወጣች።

ሊሊሴ የቀለሟን የቀላ ዓይን አይታ ሳቀች። «አላልኩሽም ባርሲስቱ? በርበሬው ነው አይደል?»

«አይደለም» አለች ቀለሟ፤ በሩን ከፍታ ሄደች።

ቅዳሜ ደረሰ። መርጋ ስም ጠራ፤ ቀለሟ ጋ ሲደርስ ቆማ ወረቀቷን ዘረጋች። አነበበች። «አስተማሪዋ» የሚለው ጋ ስትደርስ የራሷን ስም እንደተጻፈው ጠራችው። ከኋላ አንድ ወንበር ሲንሸራተት ተሰማ።

«ፊርማ አለው?» አለ መርጋ።

«የጣት አሻራ ነው።»

መርጋ እጁን ዘረጋ፤ ሰጠችው። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች በጣቱ ዳሰሰው። ግርጌው ላይ ሲደርስ ቀለሙ ውስጥ የቀረውን የበርበሬ ብናኝ አገኘ፤ ጣቱን እዚያ ላይ አቆመ።

«ቁጭ በይ» አላት። ወረቀቱን አልመለሰላትም። ራሱን ወደ ክፍሉ አቀና። «ተረኛው ማነው? ሮብሳን።»

ሮብሳን እዚያው ነበረ። አለሁ አላለም።