ከሚዛኑ አጠገብ የነበረው ወንበር

አርቪድ ጥይት ከሱቅ ገዝቶ አያውቅም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ቀለሁን እያጠበ፣ ባሩዱን እየመዘነ የገዛ ጥይቱን ራሱ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። በሞንታና ተራሮች ሥር ያለ ሽማግሌ አዳኝ ዘንድ የሱቅ ጥይት መያዝ ወጥ ከጎረቤት ለምኖ እንግዳ እንደማብላት ነው። ታዲያ ምን ያደርጋል! በሰማንያ አንድ ዓመቱ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቀው፣ ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን የማደኛ ዕጣ ዘንድሮ ሲወጣለት፣ ጥይቶቹ አመፁበት።

"ስንት አለ?" ሲል ጮኸ፣ አንዴ ተኩሶ ጠመንጃውን እንደደገፈ።

ልጁ ሶልቬይ ጥይቱ በሰከንድ ስንት ጫማ እንደበረረ የሚያሳየውን የፍጥነት መለኪያ አነበበች። "ሁለት ሺህ ሰባት መቶ አሥር።" ቀጣዩ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሆነ፤ ሦስተኛው ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ሠላሳ።

"ወይ ጉድ! ካንድ ቤት የወጡ አይመስሉም እኮ!"

"አባዬ፣ ከሱቅ ልግዛልህ?"

"መጀመሪያ ቅበሪኝ! ፍጥነቱ ካልገጠመ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ብሎ ይመታል። እንስሳ አቁስዬ ለስቃይ አልሰድም። ካልተስተካከለ የአደን ፈቃዱን እመልሳለሁ።"

አፉ እንዲህ አለ እንጂ ሆዱ ባባ። ሌላ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከየት ያመጣል?

አዲስ ባሩድ ገዛ። ባሩዱን የሚያቀጣጥለውን መለኮሻ ቀየረ። ቀለሆቹን አንድ በአንድ መዝኖ ለየ፤ አፈሙዙን እስኪያበራ ወለወለ። ወይ ፍንክች! "እጄ ነው፤ አርጅቷል" አለና ምድር ቤቱ ውስጥ የባሩድ ሚዛኑ ፊት ኩርምት ብሎ ተቀመጠ።

ሶልቬይ ሾርባ ይዛለት ወረደች። ልታቀብለው ከጎኑ ስትቆም፣ ሲንቀጠቀጥ የነበረው የሚዛኑ መርፌ ቀጥ አለ። ፈቀቅ ስትል እንደገና ተንቀጠቀጠ።

"ተመለሺ! እዚያው ቁሚ!"

"ሾርባው እጄን አቃጠለኝ እኮ!"

"ያቃጥልሽ! አትነቃነቂ!"

ከጀርባዋ የማሞቂያው ንፋስ ከግድግዳው ቀዳዳ ይነፍሳል። ሚዛኑን እያወዛወዘ ባሩዱን አንዴ የሚያበዛው፣ አንዴ የሚያሳንሰው እሱ ነው።

"ይሄ ማሞቂያ አርባ ዓመት ነፍሷል" አለ አርቪድ፤ "ድሮ ለምን አላስቸገረኝም?"

ሁለቱም ወለሉን አዩ። አራት የወንበር እግሮች የፋቁት ምልክት አለ። ራግና፣ ሚስቱ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ጀርባው ረጅም የሆነ ወንበሯን እዚያ ቀዳዳው ፊት አድርጋ ሹራብ ትሠራ ነበር። የዛሬ ዓመት ስትሞት፣ ሶልቬይ "እያየው እንዳይቆዝም" ብላ ወንበሩን ወደ ቤቷ ወሰደችው።

"ሙቀቴን ሰረቅሽኝ፣ ዞር በይ እያልኩ አርባ ዓመት ነዘነዝኳት" አለ። "እሷ ደግሞ 'ባሩድህን ጨርስና ባሌን መልስልኝ' ትለኝ ነበር።" ሳቀ፤ ሳቁን ሳይጨርስ እንባው ቀደመው። ምን ያህል እንደናፈቃት ለልጁ ነግሯት አያውቅም ነበር፤ ያን ቀን ነገራት።

በማግስቱ ሶልቬይ ወንበሩን በመኪናዋ ጭና አመጣች። እግሮቹን ምልክታቸው ላይ አሳረፈቻቸው። አርቪድ አምስት ጥይት ሠራና አብረው ወደ መተኮሻው ሜዳ ሄዱ።

"ሁለት ሺህ ሰባት መቶ አምስት... ሰባት መቶ ስምንት... ሰባት መቶ አራት..." እሱ በተኮሰ ቁጥር አነበበች። የቀሩት ሁለቱም እዚያው ሰፈር ወደቁ።

ለአደኑ ሃያ ጥይት ሠራ። እንደ ልማዱ የባሩዱን ዓይነት፣ ክብደቱን፣ መለኮሻውን በሳጥኑ ክዳን ላይ በእርሳስ ጻፈ። ቀና ብሎ ባዶውን ወንበር አየና አንድ መስመር ጨመረበት፤ "ራግና በቦታዋ።"