የታሸገው እርምጃ

ጋሼ ኦኒክ የብስኩት ቆርቆሮውን ከፍተው ፖስታውን ሲያወጡ፣ ቫርድጌስ ዓይኑን ከፖስታው አፍ ላይ አልነቀለም። ትናንት ማታ የቼዝ ጨዋታው ሲቋረጥ ቀጣዩን እርምጃውን ለማንም ሳያሳይ ጽፎ አሽጎታል፤ ማሸጊያው ላይም ፈርሞበታል። አሁን የፊርማው ጭራ ትንሽ የተንሻፈፈ መሰለው።

"ነክተውታል ጋሼ?"

"እኔ? ሚስቴን እንኳ ከነካሁ ስንት ዘመኔ!" አሉ ሽማግሌው ዳኛ። ምድጃውን ከብበው የሚሞቁት ሳቁ።

በዚህ በአርመንያዋ ከተማ በግዩምሪ አሮጌ የቼዝ ቤት አዳራሹ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ያላለቀ ጨዋታ በፖስታ ታሽጎ ያድራል። ሌላው ዓለም የተቋረጠ ጨዋታ በስልክ የሚያጠና ከበዛ ወዲህ ልማዱን ትቶታል። ጋሼ ኦኒክ ግን "ማሽን የጠየቀ ራሱን ይፈር" ብለው ነገሩን ዘግተውታል። ቫርድጌስ በሰው እፍረት የሚተማመን ሰው አልነበረም።

የዛሬው ጨዋታ የከተማውን ቡድን አራተኛ ወንበር የሚይዘውን ይለያል። ወንበሩ ለዐሥራ አንድ ዓመት የቫርድጌስ ነበር። ጸጉር አስተካካይ ነው፤ ከመስታወቱ በላይ ዐሥራ አንድ የቡድን ፎቶዎች ሰቅሏል፤ ለዐሥራ ሁለተኛውም ሚስማር መትቶ ጨርሷል። አቻ ቢወጣም ይበቃዋል፤ ተጋጣሚው አዝኒቭ ግን ማሸነፍ አለባት።

አዝኒቭ የካልሲ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት። ዐሥራ አራት ዓመት ሲያሸንፋት ኖሮ፣ ካለፈው መስከረም ወዲህ ሦስት ጊዜ ረታችው። ደንበኞቹ ሳይቀሩ፣ "ቫርድጌስ ጃን፣ ወዳጄ፣ ካልሲ ሰፊዋ ጫማ አስወለቀችህ አሉ!" እያሉ ይስቁበታል። ሰው እንደ እሷ በሃምሳ ሁለት ዓመቱ እንዲህ ይሻሻላል? ደግሞም ጨዋታው በጠበቀ ቁጥር ካፖርቷን ደርባ ወደ ግቢ ትወጣለች። ካፖርት ኪስ አለው፤ ኪስ ስልክ ይይዛል።

ለዚህ ነው ትናንት ወጥመድ ያጠመደው። ጥሩው እርምጃ ግልጽ ነበር፤ ግንቡን ወደ ፊት ከሚገሰግሰው ወታደሯ ኋላ ማቆም። ይህን ሕፃንም ያውቀዋል። "እንግዲያው ሌሊቱን በስልኳ ያንን ስታጠና ታድራለች" አለና የፈረሱን እርምጃ ጻፈ። ያላጠናችው ሲመጣባት ትደናበራለች፤ ሳትደናበር ፈጥና ከመለሰች ደግሞ ፖስታውን አይታዋለች ማለት ነው። ጠዋትም ኪሷ እንዲፈተሽ አቤቱታ ጽፎ ለዳኛው ሰጣቸው። እሳቸው ወረቀቱን ሳያነቡ ቆርቆሮው ሥር ሸጎጡትና፣ "መጀመሪያ ጨዋታህን ጨርስ" አሉት።

ጋሼ ኦኒክ ፖስታውን በቢላ ቀደዱት፤ ፈረሱንም አንስተው በተጻፈው ቦታ አስቀመጡት።

"ፈረስ?" አለች አዝኒቭ። "እኔ እኮ ግንቡን ስጠብቅ ነበር።"

ቫርድጌስ በልቡ "ያዝኩሽ!" አለ።

ዐሥር ደቂቃ ያህል አቀርቅራ ቆየች። ከዚያ ተነሥታ ካፖርቷን ደረበችና ወጣች።

"ይከተሏት እንጂ ጋሼ!"

"እኔ ዳኛ ነኝ እንጂ ፖሊስ አይደለሁም። ከፈለግህ አንተ ሂድ፤ የሚቆጥረው የእሷ ሰዓት ነው።"

ሄደ። ግቢው በረዶ ለብሷል። አዝኒቭ በጥቁሩ የድንጋይ አጥር ፊት፣ አፍንጫዋ ሊነካው እስኪቀርብ ተጠግታ፣ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ቆማለች። ዓይኗን ጨፍናለች። ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ቫርድጌስ ከእንጨት ክምሩ ጥግ ሆኖ ስልኩ እስኪወጣ ጠበቀ። አልወጣም።

"ቫርድጌስ ጃን፣ ጫማህ በረዶው ላይ ይጮኻል" አለች ሳትዞር።

"ምን ታደርጊያለሽ እዚህ?"

"አስባለሁ።"

"ሰሌዳው ያለው እኮ ቤት ውስጥ ነው።"

"እሱን ሳየው እጄ ይቸኩላል።"

"ኪስሽ ውስጥስ ምን አለ?"

ዞራ ሁለቱንም ኪሶቿን ገለበጠችለት። የክር ጥቅል፣ ሁለት ከረሜላ፣ የቤት ቁልፍ። "ከረሜላ ትፈልጋለህ?"

ፊቱ ጋለ። "ታዲያ እንዴት ነው እንዲህ የተሻሻልሽው?"

"ፋብሪካ ቀኑን ሙሉ እጄ ይሠራል፤ ጭንቅላቴ ሥራ ፈት ነው። ጠዋት አንተ ካሸነፍከኝ ጨዋታ አንዱን አቀማመጥ በሐሳቤ ይዤ እገባለሁ። ሦስት እርምጃ እመርጣለሁ። አንድ በአንድ እስከ መጨረሻው እከተላቸዋለሁ፤ የተሻለውን እይዛለሁ፤ ለምን እንደያዝኩትም ለራሴ እነግራለሁ። ማታ ሰሌዳ ላይ ደርድሬ የቱ ጋ እንደሳትኩ እጽፋለሁ። ዐሥራ አራት ዓመት አሸንፈኸኛል፤ ስንቅ አላጣሁም።"

"ስለ እኔስ ምን አገኘሽ?"

"ጥሩ እርምጃ ታገኝና ትጠራጠረዋለህ።" ኪሶቿን መለሰች። "ትናንት ግንቡን አይተኸው ነበር፣ አይደል?"

ቫርድጌስ ቀድሟት ወደ በሩ አመራ።

ተመልሰው እንደ ተቀመጡ አዝኒቭ ወታደሯን አልገፋችም። ንጉሧን አንድ ቤት ብቻ ወደ ጎን ፈቀቅ አደረገችው፤ ያ ብቻ። የቫርድጌስ ፈረስ ንጉሧን የሚያስፈራራበት ቦታ አጣ፤ ወታደሯ ንግሥት ለመሆን ሁለት እርምጃ ቀርቶታል። ሌላ ጊዜ ቢሆን፣ "ይህን ማሽን እንጂ ሰው አያገኘውም!" ብሎ ይጮኽ ነበር። አሁን ግን ያ የተጨፈነ ዓይን ፊቱ ላይ ድቅን አለ። ግንቡን ትናንት ቢጽፈው ኖሮ ወንበሩ እጁ ላይ ነበር። የሰረቀበት ሰው የለም።

እንደ ልማዱ እጁ ወደ ግንቡ ተወረወረ። ከነካው ማንቀሳቀስ ግዴታው ነው። ሁለት ጣት ሲቀረው አቆመው፤ መለሰና በጭኑ ሥር አስገብቶ ተቀመጠበት። ሰዓቱ ይቆጥራል።

ከዚያ ተነሣ። ከተሰቀለው ካፖርቱ ስልኩን አውጥቶ በጋሼ ኦኒክ ቆርቆሮ ላይ አኖረው።

"ወዴት?" አሉ ዳኛው።

"አጥሩ ጋ።"

"ይህቺ አቤቱታህስ?"

"ምድጃው ውስጥ ይጨምሩልኝ።"

"ካፖርትህን ልበስ፣ ትታመማለህ!" አለች አዝኒቭ።

"ይቅር፤ ኪሱ ብዙ ነው።"

በሹራቡ ብቻ ወጥቶ ጥቁሩ ድንጋይ ፊት ቆመ፤ ዓይኑንም ጨፈነ። መጀመሪያ ጨለማ ብቻ ነበር። ቆይቶ ንጉሧ መጣ፤ ቀጥሎ ወታደሯ፤ በመጨረሻ የራሱ ግንብ፣ ሩቅ ጥግ ላይ። "ሦስት እርምጃ" አለ ለራሱ፤ ከመጀመሪያው ጀመረ።

ከኋላው በሩ ሲጥ አለ። የሆነ ሰው ጫማ በረዶው ላይ ጮኸና ከእንጨት ክምሩ ጥግ ቆመ።

ቫርድጌስ አልዞረም፤ ወደ ሁለተኛው እርምጃ አለፈ።